የኋላ ወንበሩን አንሱልኝ

አሮጌ ቮልስ በቴሌግራም ለሽያጭ ሲወጣ የሚለጠፉት ፎቶዎች ሁልጊዜ ይመሳሰላሉ። አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከጎን፣ ቀጥሎ የተከፈተ የሞተር ክዳንና አዲስ ጨርቅ የለበሰ ወንበር። ከሥሩ «ሞተሩ ያልተከፈተ፣ ቀለሙ አዲስ፣ መጠነኛ ድርድር አለው» ይላል። እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ ይዞ «ዋጋው ተገቢ ነው ወይ?» ብሎ ወደ ቃሊቲ ጋራዥ ለሚመጣ ሰው የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የኋላ ወንበሩ ተነስቶ ሥሩ ፎቶ ይነሳ። ያ ፎቶ ሳይመጣ ስለ ዋጋ መነጋገር ገና ነው።

ምክንያቱ በመኪናው አሠራር ውስጥ ነው። የቮልስ አካል የሚቀመጠው መሐሉ ላይ ወፍራም ቱቦ መሳይ አጥንት ባለው የወለል ላሜራ ላይ ነው፤ ሁለቱ በብሎን ይያያዛሉ። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታው በዚያ አጥንት ላይ፣ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ባትሪውም እዚያው በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ ባለፉት ሃምሳና ስድሳ ዓመታት የፈሰሰ አሲድ ካለ መጀመሪያ የሚበላው ያንን የወለል ክፍል ነው። ስለዚህ የመኪናው ማንነትና ጤንነት በአንድ ፎቶ ይታያሉ። ደህና ወለል ሲሠራ የተመቱበት ጉብታና ጎድጓዳ መስመሮች ሳይጠፉ ይታያሉ፣ ዝገቱም ላይ ላዩን ብቻ ነው። መስመሮቹ ድንገት ተቋርጠው ለጥ ያለ ላሜራ ከተጀመረ ተቆርጦ ተበይዷል ማለት ነው። አቧራ በጠጣ መኪና ውስጥ ያ ቦታ ብቻ ትኩስ ካትራሜ ከተቀባ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀለም ከነስቱኮው በሳምንት ይሠራል፤ ወለል ግን በቀላሉ አይዋሽም።

ቁጥሩ የሚፈታው ሌላው ትልቅ ጣጣ የዘመን ነው። «የ60 ሞዴል» የሚል ማስታወቂያ የማንን 60 እንደሚል አይታወቅም። በእኛ 1960 ዓ.ም. ከሆነ መኪናው እ.ኤ.አ. የ1967 ወይም የ1968 ሥራ ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ደግሞ ሰባት ስምንት ዓመት ይቀድማል፣ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱም ባለ 6 ቮልት ነው። ሻጩ ራሱ ሳያውቀው ሊያሳስት ይችላል፤ ብዙዎቹ ሻጮች መኪናውን ከአባት የወረሱ ናቸውና ተንኮል ነው ብዬ አልነሳም። ፋብሪካው ከኦገስት 1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር ይመታ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ዓይነቱን፣ ሦስተኛው የሞዴሉን ዓመት ያሳያል። በ118 የሚጀምር የ1968 ሞዴል ነው። ባለ ሰባት አሃዝ ከሆነ ከዚያ ለውጥ በፊት የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ግን ዘመኑን በፊት መብራቱና በፓራውልቱ ይለያል። ይህ አያስተማምንም፤ በ1968 ሞዴል የመብራቱና የፓራውልቱ ቅርጽ ቢቀየርም ርካሹ 1200 አሮጌውን መልክ ይዞ ለዓመታት ቀጥሏል። ፓራፋንጎውም በብሎን የታሰረ ስለሆነ የአንዱ ለሌላው ይገባል።

«ዋናው ሞተሩ ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። ለዕለት ሥራ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ቢል እውነት አለው። የቮልስ ሞተር ግን ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ነው፤ የለመደ መካኒክ ከሰዓት በታች አውርዶ ሌላ ይሰቅላል። ከመኪናው ሁሉ በቀላሉ የሚተካው ክፍል የዋጋው ምሰሶ ሊሆን አይገባም። በቪዲዮ የሚላከው የሞተር ድምፅም ብዙ አይነግርም፤ ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ እንደሆነ አይታይም። ድካሙም የግድ የሕመም ምልክት አይደለም፤ አቃቂ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ጤነኛው ሞተርም ቤንዚን አብዝቶ ይጎትታል። ከድምፁ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የሞተሩ ቁጥር ነው። ሊብሬው ላይ ካለው ካልገጠመና የሞተር ለውጡ ካልተመዘገበ፣ ውልና ማስረጃ ተፈርሞም ቢሆን የስም ዝውውሩ ላይ መቆሙ አይቀርም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ጠንካራ ነው፤ አገራችን ደረቅ ነው፣ እንደ አውሮፓ ክረምት መንገድ ላይ ጨው አይረጭም፣ መኪና አይበሰብስም ይባላል። ለላይኛው አካል ልክ ነው። ስድሳ ዓመት የሞላቸው የጣሪያና የበር ላሜራዎች እዚህ ጤነኛ ሆነው ይገኛሉ፣ የውጭ ሰብሳቢም የሚቀናበት ነገር ነው። ወለል ግን ሌላ ነው። ከአቃቂ እስከ ቱሉ ዲምቱ ያለው መሬት በአብዛኛው መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ይዞ ለሳምንታት አይለቅም። ግቢ ውስጥ ጎማው ተንፍሶ ዓመታት የቆመ ቮልስ በዚያ እርጥበት ላይ ተኝቷል፣ የመስኮቱ ጎሚኒም ከደረቀ ዝናቡ ከላይ ገብቶ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ በጎማው ዙሪያ ሣር በቅሎ ከታየ፣ ከሚያብረቀርቀው ቀለም በላይ ያ ሣር ይነበብ።

የእኛ ባትላሜራዎች ያልሠሩት የለም፣ ወለሉንም ይሠሩታል የሚለውንም እቀበላለሁ፤ በእጅ ቀጥቅጠው የሚያወጡት ፓራፋንጎ የሚደነቅ ነው። የተሠራ ወለል ያለው መኪና መግዛትም ነውር የለበትም። ችግሩ የተጠየቀው ገንዘብ ነው። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ቀረጥ ካከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ወጥቷል። በዚህ ላይ «የጃንሆይ ዘመን» የሚል ቃል ይጨመራል። ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ቃሉ ልብ ይነካል። ግን ፋብሪካው ሜክሲኮ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. እስኪያቆም ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርቷል፤ ዘመኑ ብቻውን ብርቅ አያደርገውም። የቅርስ ዋጋ የሚጠየቅበት መኪና የራሱ ወለል፣ የራሱ ቁጥርና ከቁጥሩ የሚገጥም ሊብሬ ይኑረው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ እንደ ማንኛውም መጓጓዣ ይገመት፤ ወለሉን ለማስበየድና ወረቀቱን ለማስተካከል የሚወጣውም ከዚያ ላይ ይቀነስ። የኋላውን ወንበር ማንሳት መፍቻ አይፈልግም፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ፎቶውን ለመላክ ሳምንት የሚያመላልስ ሻጭ ካጋጠመ፣ ከዚያው ማስታወቂያ በታች ሌላ ቮልስ አለ።