«አፕ» የምትባለው የእንግሊዝኛ ቃል በንግድ መጻጻፍ

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «አፕ» የምትባለው ቃል ዋና ትርጕምዋ «ወደ ላይ» ማለት ነው። ከውጭ አገር በሚመጣ ሣጥን ላይ ወደ ላይ የሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች ተሥለው «ዚስ ዌይ አፕ» የሚል ጽሕፈት ሲገኝ፣ ሣጥኑ እንዳይገለበጥ ማስጠንቀቂያ መሆኑን ማናቸውም ባለመጋዘን ያውቀዋል። ነገር ግን ይህችው ቃል ከሌላ ቃል ጋር ስትጣመር ከአቅጣጫ ፈጽሞ የራቀ ትርጕም ስለምትሰጥ፣ ከባዕድ አገር ነጋዴ ጋር የሚጻጻፍ ሰው ሊጠነቀቅባት ይገባል።

ይህ ዐይነቱ አነጋገር ለአማርኛም እንግዳ አይደለም። «ዝም አለ» ሲባል አንዳች የተናገረ የለም፤ «በሥራ ላይ ነው» ሲባልም ሰውዬው ከምንም ላይ አልወጣም። ልማድ ያጣመራቸው ቃላት የሚፈቱት በአንድነት እንጂ በየብቻቸው አይደለም።

ዋጋው «አፕ» ነው ከተባለ ዋጋው ጨምሯል ማለት ነው፤ ጊዜው «አፕ» ነው ከተባለ ግን ጊዜው አለቀ እንጂ ተራዘመ ማለት አይደለም። «ሴት አፕ» ድርጅትን ማቋቋም ሲሆን፣ «ዋይንድ አፕ» ሒሳቡን አጣርቶ መዝጋት ነው። «ፔይድ አፕ ካፒታል» የሚባለውም ባለአክሲዮኖች ለመክፈል ከፈረሙት ገንዘብ ውስጥ በእርግጥ የከፈሉት ብቻ ነው። ዕቃው ጂቡቲ ላይ «ሄልድ አፕ» ሆኗል የሚል መልእክት ቢደርስ፣ ዕቃው ዘግይቷል ማለት ነው፤ «ሆልድ አፕ» በስምነቱ ዝርፊያ ማለትም ስለሆነ፣ መዝገበ ቃላት ብቻ ያየ ሰው በከንቱ ሊደነግጥ ይችላል።

ለባለሱቆች ይበልጥ የሚያስፈልገው «ማርክ አፕ» ነው፤ ይኸውም በመግዣው ዋጋ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ነው። በ100 ብር በተገዛ ዕቃ ላይ 20 በመቶ ቢጨመር መሸጫው 120 ብር ይሆናል። የጨመርሁትን ያህል ልቀንስ ብሎ ከመሸጫው ላይ 20 በመቶ ቅናሽ የሚያደርግ ባለሱቅ ግን ዕቃውን በ96 ብር ስለሚሸጥ 4 ብር ይከስራል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው «አፕ ቱ» የሚለው ነው። ትርጕሙ «እስከ» ነው። አንድ የውጭ አገር ገዢ «አፕ ቱ 500 ከረጢት ቡና እወስዳለሁ» ብሎ ቢጽፍ ከዚያ አይበልጥም ማለቱ ነው እንጂ 500 ከረጢት ለመግዛት ግዴታ መግባቱ አይደለም። ላኪው ባለ 60 ኪሎ 500 ከረጢት አሰናድቶ ገዢው 300 ብቻ ቢያዝ፣ 120 ኩንታል ቡና በመጋዘን ይቀርበታል። በሌላ ስፍራ ግን ይኸው «አፕ ቱ» «ውሳኔው የእናንተ ነው» ለማለት ይነገራል።

ስለዚህ «አፕ» የሚል ቃል ያለበት ደብዳቤ ሲደርስ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ማንበብ፣ ትርጕሙ ካልተለየም ገንዘብ ከመክፈልና ዕቃ ከማሰናዳት አስቀድሞ ጸሓፊውን በጽሑፍ መጠየቅ ያሻል። መልስ በሚጻፍበትም ጊዜ ትንሹንና ትልቁን መጠን በቍጥር፣ የመጨረሻውንም ቀን በግልጽ ማስፈር ይገባል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ እንደሚባለው፣ የአንድ ደብዳቤ ድካም ከአንድ ጭነት ኪሣራ ይቀላል።