እረፍት የለሽ እግር ሕመም፦ ተደራራቢ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ እንዴት ይለያል? እንዴትስ ይታከማል?



የዛሬው ርእሳችን ቀላል የሚመስል፣ ነገር ግን የሰውን እንቅልፍና የዕለት ሥራ የሚያናጋ ሕመም ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ገልጾታል፤ ስዊድናዊው ካርል አክሴል ኤክቦም ደግሞ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር በ1945 በሰፊው አጥንቶ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጥቶታል። ማሳየት የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ታካሚው ብዙ ሕመምና ብዙ መድኃኒት ሲኖረው የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን ልጨምር?» ሳይሆን «ምን ልለካ? ምንስ ልቀንስ?» መሆን አለበት።

ለውይይታችን እንዲረዳን አንዲት ታካሚ እናስብ። ዕድሜያቸው 58 ነው፤ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ለእግራቸው ማቃጠል አሚትሪፕቲሊን፣ ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ ይወስዳሉ። «ማታ ማታ እግሬን ይወረኛል፤ ተነሥቼ ካልተራመድኩ አያሳርፈኝም» ይላሉ።

ሕመሙን የሚያረጋግጥ የደም ወይም የምስል ምርመራ የለም፤ የሚታወቀው ታካሚውን በመጠየቅ ነው። መስፈርቶቹ አምስት ናቸው፦ እግርን የማንቀሳቀስ ብርቱ ግፊት መኖሩ፤ ግፊቱ በእረፍት ጊዜ መጀመሩ ወይም መባሱ፤ በእንቅስቃሴ መቅለሉ፤ በምሽት ወይም በሌሊት መበርታቱ፤ በመጨረሻም ምልክቶቹ በሌላ ሕመም ብቻ የማይብራሩ መሆናቸው። ተደራራቢ ሕመም ባለበት ሰው ላይ አስቸጋሪው አምስተኛው ነው። በስኳር ምክንያት የሚመጣ የነርቭ ጉዳትም ሌሊት ሊብስ ይችላል፤ መራመድ ግን ብዙውን ጊዜ አያስታግሰውም። የጡንቻ መኮማተር ድንገት ይይዛል፤ ጡንቻው ሲዳሰስ ይጠጥራል። አካቲዚያ የሚባለው በመድኃኒት የሚመጣ መቁነጥነጥ መላ ሰውነትን ይይዛል፤ ሌሊትን አይመርጥም። በእኒህ እናት ላይ የነርቭ ጉዳቱም እረፍት የለሽ እግሩም አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሚያቃጥለውንና የሚያስነሣውን ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የመድኃኒት ዝርዝራቸውን እንመልከት። ሜቶክሎፕራማይድ የዶፓሚንን ሥራ ስለሚያግድ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን፣ ብዙዎቹ የድብርት መድኃኒቶች፣ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የሆነው ሃሎፔሪዶል፣ እንዲሁም እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ መድኃኒቶች በዚሁ ይታወቃሉ። ይህ ማለት ግን ሁሉንም በአንድ ቀን ማቋረጥ ማለት አይደለም። ድብርት ለሕይወት የሚያሰጋ ሊሆን ስለሚችል፣ ለውጡ መድኃኒቱን ካዘዘው ሐኪም ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ መደረግ አለበት።

ሦስተኛው የብረት ማዕድን ነው። ደም ማነስ ባይኖርም በአንጎል ውስጥ ያለው ብረት ሊያንስ ይችላል፤ ስለዚህ የሄሞግሎቢን መጠን ብቻውን አያስተማምንም። ፌሪቲንንና የትራንስፈሪን ሙሌትን በጠዋት መለካት ያስፈልጋል። ፌሪቲን ከ75 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በታች ወይም ሙሌቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ ለአዋቂ ሰው ብረት መስጠት ይታሰባል። ነገር ግን ፌሪቲን በሰውነት ብግነት ጊዜ ስለሚጨምር፣ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ጉድለቱን ሊሸፍን ይችላል። በእጥበት ላይ ላሉ ታካሚዎች ፌሪቲን ከ200 በታች፣ ሙሌቱም ከ20 በመቶ በታች ሲሆን በደም ሥር የሚሰጥ ብረት የሚታሰበው ስለዚህ ነው።

እነዚህ ተሟልተው ሕመሙ ካልቀለለ መድኃኒት ይመረጣል። ለረጅም ጊዜ ይቀድሙ የነበሩት ፕራሚፔክሶልና ሮፒኒሮል መጀመሪያ ላይ ፈጥነው ያስታግሳሉ። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ሕመሙ ከቀድሞው ሰዓት ቀድሞ ሊጀምር፣ ሊበረታ፣ ወደ ክንድም ሊዛመት ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ሲጨምር ጥቂት ጊዜ ያሻለው መስሎ ይብሳል። ወደ ቁማርና መሰል ያልተገታ ልማድ የሚነዱበት ጊዜም አለ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ይቀድማሉ። እነርሱም ቢሆኑ በኩላሊት በኩል ስለሚወጡ ለእኒህ እናት እንደ ጤናማ ሰው አይታዘዙላቸውም፤ ለምሳሌ ጋባፔንቲን በ100 ሚሊግራም፣ ከእጥበት በኋላ ሊጀመር ይችላል። ከመጠን ያለፈ ድንዛዜ፣ መውደቅ፣ ከኦፒዮይድ ጋር ሲወሰዱም የትንፋሽ መድከም መከታተል ይኖርብናል።

ጉዳዩ ከእንቅልፍ ማጣት ያለፈ ነው። እጥበት ለሰዓታት በአንድ ቦታ መቀመጥን ይጠይቃል፤ እግራቸው አላስቀምጥ ያላቸው ሰዎች ሕክምናውን ሳይጨርሱ እስከ ማቋረጥ ይደርሳሉ። ስለዚህ በእጥበት ክፍል የምትሠሩ ሁሉ «ሲቀመጡ እግርዎ እረፍት ይነሣዎታል? ሲራመዱስ ይተውዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በታካሚው መዝገብ ላይ አስፍሩ።