ከጣና የተቀዳ ልብ ወለድ

ዓባይ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ሲዞር፣ ከመካነ ሰላም በታች ባለው ጥልቅ ሸለቆ ያልፋል። በዚያ አገር ያደገ ሰው የጅብንና የቡዳን፣ የጋኔንንም ወሬ ከምድጃ ዳር ሳይሰማ አልቀረም።

ይስማዕከ ወርቁም በ2001 ዓ.ም. «ዴርቶጋዳ»ን ሲያሳትም ድንቁን ነገር ከባዕድ አገር አልተበደረም፤ ከዚያው ከጣና ቀዳው። መነኩሴውና የጠፈር ሳይንስ በአንድ መጽሐፍ ተገናኙ፤ ሰላዮችም ያደባሉ። (ሰላዮቹስ ለእኔ በዝተውብኛል።) የሚያስጨንቀው ግን ጋኔን አይደለም። አሜሪካን አገር ለጠፈር ምርምር የሚደክመው ኢትዮጵያዊ ሊቅ ወደ አገሩ ይመለስ ይሆን? ነገሩ ይህ ነው። ተማሪው መጽሐፉን እየተቀባበለ ያነበበውም ስለዚሁ ይመስለኛል፤ እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ውጭ የሄደ አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛ አያጣምና። ታሪኩ «ራማቶሓራ» በተባለው መጽሐፍ ይቀጥላል።