ወርቁ ያልተቆፈረበት፣ ግን የተመዘነበት አገር



ወርቅ የቆረቆራቸውን ከተሞች ለመጎብኘት ከወዴት እንጀምር ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፣ ምንም እንኳ ክብረ መንግሥትንና ሻኪሶን እንድጠራላችሁ የምትጠብቁ ብትሆኑ፣ እኔ ግን ከጮቄ ተራራ በታች ካለችው ከቀዬዬ ከሮብ ገበያ ተነሥታችሁ፣ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሶ ሊበን፣ ወደ የጁቤ እንድትወርዱ እመክራለሁ።

ለዚህ ያበቃኝ አያቴ በማተባቸው አንጠልጥለውት የኖሩት የማርትሬዛ ጠገራ ነው። 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ስለ ሆነ፣ የጥንቱ ነጋዴ በሚዛኑ በአንዱ ወገን ጠገራውን፣ በሌላው ወገን ወርቁን አኑሮ፣ ሁለቱ የተስተካከሉ እንደ ሆነ «አንድ ወቄት» ይል ነበር። ጠገራው ንዋይም መስፈሪያም ነበረ ማለት ነው።

ይህ ሚዛን ከተዘረጋባቸው ገበያዎች አንዱ የባሶው የየጁቤ ገበያ ነው። በዘመነ መሳፍንት፣ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጎጃምን ሲገዙ፣ እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ መጥቶ የጻፈለት ይህ ገበያ፣ ከዐባይ ማዶ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ የሚገናኙበት ነበር፤ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይሸጥበት እንደ ነበር ሳልናገር ባልፍ እውነትን እበድላለሁ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የተዋጉትም፣ የዚህ የንግድ መንገድ ጌትነት ለማን ይሁን ሲሉ ጭምር ነው።

የወርቅ ንግዱ ታሪክ ግን ከዚያም ይርቃል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ተጓዥ ኮስማስ እንደ ጻፈው፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ በኩል ነጋዴዎቹን ሳሱ ወደምትባል የወርቅ አገር ይልክ ነበር፤ እነርሱም በሬ አርደው ሥጋውን፣ ጨውንና ብረትን በእሾህ አጥር ላይ ያኖራሉ፤ ባላገሩ በወደደው ዕቃ ላይ እንደ አተር ያለ ወርቅ አስቀምጦ ዘወር ይላል፤ ነጋዴው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፣ ካነሰው ሳይነካው ይተወዋል፤ ባለ ወርቁም ተመልሶ ወይ ይጨምራል፣ ወይ የራሱን ይዞ ይሄዳል። በዚህ ሁሉ አንድ ቃል አይነገርም።

ወርቅ የቆረቆራት የካሊፎርኒያዋ ከተማ ቦዲ ወርቋ ሲነጥፍ ሰዎቿ ጥለዋት ስለ ሄዱ፣ ጎብኚ የሚያየው ባዶ ቤቶቿን ነው። የጁቤ በወረድሁ ጊዜ ግን ያየሁት፣ ወርቁ ቀርቶ እህልና ከብት የሚሸጥበትን፣ ሰው የሚጋፋበትን ገበያ ነው።

ባለፈው ሮብ በቀዬዬ ድንች ስገዛ፣ ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ዝም ብዬ ሻጯን ተመለከትኋት፤ እርሷም ዝም ብላ ተመለከተችኝ፤ ቆይታም አንድ ድንች ምራቂ ጣለችልኝ።