በውኃ የሚዋጥ ደንና የካርቦን ሒሳቡ

ደን ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር እየወሰደ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ እንደሚያከማች የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ይህ ዕውቀት በአብዛኛው የተገኘው በደረቅ መሬት ላይ የሚበቅሉ ደኖችን በማጥናት ነው። በዓመት ውስጥ ለበርካታ ወራት በውኃ ተውጦ የሚቆይ ደን ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ በደቡብ አሜሪካ የሚገኘው የአማዞን ተፋሰስ ነው።

በብራዚል በማናውስ ከተማ አጠገብ የወንዙ ከፍታ በሙላትና በጉድለት ወቅት መካከል በአማካይ 10 ሜትር ያህል ይለያያል። በዚህም ምክንያት በወንዞቹ ግራና ቀኝ የሚገኘው ሰፊ ደን በየዓመቱ ይጥለቀለቃል። ከአንዲስ ተራሮች ለም ደለል ተሸክመው በሚመጡ ወንዞች የሚጥለቀለቀው ደን «ቫርዜያ» ይባላል። እንደ ሪዮ ኔግሮ ባሉ፣ ውኃቸው በጠቆረና በማዕድን ድኻ በሆኑ ወንዞች የሚጥለቀለቀው ደግሞ «ኢጋፖ» ይሰኛል። የቫርዜያ ዛፎች በፍጥነት ሲያድጉ የኢጋፖ ዛፎች ዕድገት እጅግ አዝጋሚ ነው።

ውኃው ሲሞላ ምን ይሆናል?

ጋዞች በውኃ ውስጥ የሚሠራጩት በአየር ውስጥ ከሚሠራጩበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይተው ነው። አፈሩ በውኃ ሲሸፈን በውስጡ የነበረውን ኦክስጅን ሥሮችና ረቂቅ ተሕዋስያን በአጭር ጊዜ ይጨርሱታል፤ ምትኩም ቶሎ አይደርስም። ስለሆነም የብስባሹ መፈራረስ ይቀዘቅዛል፤ ከአፈሩ በቀጥታ ወደ አየር የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይቀንሳል። ከዛፎቹ አንዳንዶቹ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ፤ ሌሎቹ ከግንዳቸው ላይ አዳዲስ ሥሮችን ያበቅላሉ። የብዙዎቹ ዕድገት በጎርፉ ወራት ስለሚገታ በግንዳቸው ውስጥ ዓመታዊ ቀለበት ይሠራሉ። በቀዝቃዛ አገሮች ብርድ የሚያደርገውን፣ በዚህ ሥፍራ ጎርፍ ያደርገዋል ማለት ነው።

ማማው የማያየው ካርቦን

ተመራማሪዎች ደን ምን ያህል ካርቦን እንደሚወስድና እንደሚመልስ ለማወቅ ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ከፍ የሚል ማማ ያቆማሉ። በማማው ላይ ያሉት መሣሪያዎች የነፋሱን እንቅስቃሴና የካርቦን ዳይኦክሳይዱን መጠን በየሴኮንዱ ደጋግመው ይለካሉ። ወደ ታች ከወረደው ላይ ወደ ላይ የወጣው ሲቀነስ የደኑ ድርሻ ይታወቃል።

ችግሩ ማማው የሚመዘግበው በአየር በኩል የሚያልፈውን ብቻ መሆኑ ነው። በጎርፍ ወቅት ከሥሮች የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በውኃው ውስጥ ይሟሟል፤ የረገፈው ቅጠልም በውኃው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ወደ ወንዙ ተወስደው ከማማው ርቀው ወደ አየር ይመለሳሉ። ይህ ገቢውን በአንድ መዝገብ አስፍሮ ወጪውን በሌላ መዝገብ እንደሚጽፍ ሒሳብ ያዥ ነው፤ ሁለቱ መዝገቦች ካልተገናዘቡ ትርፉ የተጋነነ ይሆናል።

ጄፍሪ ሪቺና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 በኔቸር መጽሔት ያወጡት ጥናት ሁለተኛውን መዝገብ የከፈተ ነበር። በግምታቸው መሠረት ከመላው ተፋሰስ ወንዞችና ረግረጋማ ሥፍራዎች በዓመት ግማሽ ቢሊዮን ቶን ያህል ካርቦን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ወደ አየር ይወጣል። ይህ መጠን ወንዙ ወደ ውቅያኖስ ከሚወስደው ኦርጋኒክ ካርቦን አሥር እጥፍ ያህል ነው።

ይህ ሁሉ ካርቦን ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት አብዛኛው ከአምስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ እንዳለው አመለከተ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ግዌናኤል አብሪልና ባልደረቦቹ ምንጩን ይበልጥ ለይተው አሳዩ። በውኃ የሚጥለቀለቁት ሥፍራዎች በብርሃን አስተፃምሮ ካዘጋጁት ካርቦን ግማሽ ያህሉን ለወንዙ ውኃ ሲሰጡ፣ ደረቁ ደን የሚሰጠው ግን ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ወንዙ በአመዛኙ የሚመልሰው ለዘመናት የተከማቸን ካርቦን ሳይሆን ዕፅዋቱ በቅርቡ ከአየር የወሰዱትን ነው።

ምትሐ ውኃው ሲዛባ

ይህ ልውውጥ የተመሠረተው በየዓመቱ ሞልቶ በሚጎድለው ውኃ ላይ ነው። በኡዋቱማ ወንዝ ላይ የተሠራው የባልቢና ግድብ በ1980ዎቹ መጨረሻ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ከግድቡ በታች ያለው ወንዝ እንደ ቀድሞው መጉደል አቆመ። በዝቅተኛ ሥፍራ የቆሙ የኢጋፖ ዛፎች ያለ ዕረፍት በውኃ ውስጥ በመቆየታቸው በብዛት ሞቱ። ጎርፍን የለመደ ዛፍ እንኳ የድርቁን ወራት አጥቶ መኖር አልቻለም።

ተቃራኒውም አደገኛ ነው። በማናውስ የውኃው ከፍታ እ.ኤ.አ. በ2021 በልኬት ታሪክ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ሲደርስ፣ በ2023 ከዚያም በ2024 ከ1902 ጀምሮ ታይቶ ወደማይታወቅ ዝቅታ ወረደ። በከባድ ድርቅ ወቅት ኢጋፖ በቀላሉ በእሳት ይያያዛል፤ ከተቃጠለ በኋላም የሚያገግመው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ያን ጊዜ ወደ አየር የሚወጣው ትናንት የተወሰደው ካርቦን ብቻ ሳይሆን፣ በግንዶች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ተከማችቶ የቆየው ጭምር ይሆናል።

እንግዲህ የሞቃት አካባቢ ደኖች የምድርን ሙቀት በመቀነስ ረገድ ያላቸውን ድርሻ በትክክል ለመገመት ዛፎቹን መቁጠር ብቻ አይበቃም። ከሥራቸው የሚያልፈውን ውኃና ውኃው ይዞት የሚሄደውን ካርቦን አብሮ መቁጠር ያስፈልጋል።