የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ወዴት ሄደ?

ሰንጋ ተራ በስሙ የከብት ገበያ ቢመስልም ዛሬ የሚነገድበት ገንዘብ ነው። የባንኮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ሕንፃዎች በተደረደሩበት በዚህ ሰፈር ማርሚታ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ መጥተዋል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ሲወራ ደላላውም ገዥውም አስቀድመው የሚያነሱት ከቤንዚን ሰልፍ መገላገላቸውን ነው፤ አስከትለውም «አየርም አይበክልም» ይላሉ። የፊተኛው ብዙም አያከራክርም። የኋለኛው ግን ሒሳብ ይፈልጋል።

በ2014 ዓ.ም. መንግሥት እነዚህን መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ በማድረግ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተበተኑት 5 በመቶ ቀረጥ ሲጥል ሙሉ በሙሉ ተበትነው የሚመጡትን በነፃ አስገብቶ ነበር። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ዋናው ምክንያት ነዳጅ የሚበላው ዶላር እንደነበረ የተሰወረ አይደለም።

ወደ ሒሳቡ እንግባ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ያህል የካርቦን ጋዝ ይወጣዋል። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና በዓመት 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ቢሄድ 1,200 ሊትር ያቃጥላል፤ ይህም ወደ 2.8 ቶን ጋዝ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና በመንገድ ላይ ይህን አይተፋም። ሆኖም ባትሪው ገና በፋብሪካ ሳለ ጭሱን ጨርሶ መጥቷል። ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 80 ኪሎ ቢታሰብ፣ የ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 4.8 ቶን ዕዳ ተሸክሞ ይገባል ማለት ነው። የኢትዮጵያ ኃይል ከዘጠና በመቶ በላይ ከውሃ የሚገኝ በመሆኑ ዕዳው ሁለት ዓመት ሳይሞላ ይከፈላል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብም ይህን ያጠናክራል።

ያው መኪና ኤሌክትሪክ በድንጋይ ከሰል በሚመነጭበት አገር ቢሆን ታሪኩ ሌላ ነበር። በከሰል ኃይል አንድ ኪሎዋት ሰዓት አንድ ኪሎ ያህል ጋዝ ያስወጣል፤ መኪናው በመቶ ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ 17 ኪሎ ይሆናል። የቤንዚኑ 18 ኪሎ ከምናምን ነው። በዚህ ልዩነት የባትሪው ዕዳ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድቶም አያልቅ። እንግዲህ ንጽሕናው ያለው ከመኪናው ይልቅ በሽቦው ወዲያኛው ጫፍ ነው።

ሽቦው ደግሞ በከተማችን አንዳንዴ ባዶ ነው። መብራት ሲጠፋ የሕንፃው ጀኔሬተር ይነሳል፤ በናፍታ ጀኔሬተር የተሞላ መኪና በመቶ ኪሎ ሜትር ወደ 14 ኪሎ ጋዝ ያስከፍላል። ጭሱ ከመኪናው ወደ ሕንፃው ጓሮ ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በ2009 ዓ.ም. ዕጣ በወጣባቸው የሰንጋ ተራ 40/60 ቤቶችን በመሰሉ ፎቆች ለሚኖር ሰው ችግሩ ሌላ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው ገመድ መጎተት አይቻልም። ቢቻልም በተራ ማከፋፈያ ባዶውን ባትሪ መሙላት ከአንድ ቀን በላይ ይወስዳል።

ሳንባችንን የሚጎዳው ጭስ ግን ከአዲሱ መኪና ሳይሆን ከአሮጌው ነው። ክልከላው ያረጀውን ሚኒባስና አይሱዙ ከመንገድ አላስወጣም። እንዲያውም አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ የአሮጌው ዋጋ አይወርድም፤ ዋጋው ካልወረደ ባለቤቱ አይጥለውም፤ ሞተሩን አስወርዶ ያሠራውና ሌላ አምስት ዓመት ይነዳዋል። የገበያው ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። አቧራም አለ፦ የኤሌክትሪክ መኪና በሞተሩ ስለሚገታ የፍሬን ሸራ ይቆጥባል፣ በክብደቱ ግን ጎማ ይበላል።

ከሰንጋ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ በልደታና በሜክሲኮ በኩል የሚያልፈው ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከዚሁ የውሃ ኃይል ነበር የሚጠቀመው፤ በአንድ ጉዞም በብዙ መኪና የሚሳፈር ሰው ይጭናል። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በኋላ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ተሳፋሪውም ወደ ሚኒባሱ ተመለሰ።

መለዋወጫ ስንል ባትሪውን ያስታውሰናል። አምራቾች በአብዛኛው ለስምንት ዓመት ገደማ ዋስትና ይሰጡበታል፤ ዋስትናው ግን በሌላ አገር ገበያ ተገዝቶ በግል ነጋዴ የመጣ መኪና ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። አቅሙ የደከመ ባትሪ ለቤት መብራት ማጠራቀሚያነት ሊያገለግል ይችላል፤ ጨርሶ ሲሞት ግን በአዋጅ ቁጥር 1090/2010 ስለ አደገኛ ቆሻሻ የተደነገገው ይመለከተዋል። ስለዚህ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ኪሎ ሜትሩን ብቻ አይቶ እጅ መምታት የለበትም፤ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ስንት በመቶ እንደቀረው በኮምፒዩተር አስለክቶ ወረቀቱን ይያዝ። መኪናውን በመያዣነት የሚቀበለው ባንክም ይህንኑ ወረቀት ቢጠይቅ አይከፋም።