ከሕመምተኛው አልጋ ወደ መንግሥት ጉዳይ፦ ሐኪም ወርቅነህና ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች

ወደ ጅቡቲ የሚወስደው በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራው የባቡር ሐዲድ የሚነሣው ከሰበታ ነው። መስመሩ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ስለ ፍጥነቱና ስለ ወጪው ብዙ ተነግሯል። ነገር ግን ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የመጀመሪያው ባቡር ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ እንዲዘልቅ የተሰጠው ፈቃድ የተጻፈው በመሐንዲስ ወይም በነጋዴ ስም ሳይሆን በአንድ ፈረንሳዊ ሐኪም ስም እንደነበረ የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። ስለ ሐኪሞች የሚጽፉት የፊዚክስ ሰዎች መሆናቸው አንባብያንን ሳያስገርም አይቀርም። ይሁንና በአገራችን የግድብና የባቡር ታሪክ ውስጥ የሐኪሞችን ስም ደጋግመን ስላገኘን፣ የሕክምና ሰው እንዴት የመንግሥት ሰው ሊሆን እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር እንሞክራለን።

ፈቃዱ በተሰጠበት በጥር 1900 ዓ.ም. ፈረንሳይን የሚመራው ጠቅላይ ሚኒስትር ራሱ ሐኪም ነበር። ዦርዥ ክሌማንሶ እ.ኤ.አ. በ1865 በፓሪስ የሕክምና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ሞንማርትር በሚባለው የከተማይቱ ክፍል ድኾችን ሲያክም ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1870 የፕሩሲያ ጦር ወደ ፓሪስ በገሠገሠ ጊዜ የዚያው ሰፈር ከንቲባ ሆነ። ከዚያ በኋላ የምክር ቤት አባል፣ የጋዜጣ ሰው፣ በመጨረሻም ሁለት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል፤ እርሱም እ.ኤ.አ. ከ1906 እስከ 1909 እና ከ1917 እስከ 1920 ነው። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ ምክር ቤት የተቀመጡ ሐኪሞች በርካታ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙም አያስቸግርም። ሐኪም የሀብታሙንም የድኻውንም ቤት ደጃፍ ያልፋል፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን በምን እንደሚሞት ያውቃል። መራጩ ሕዝብም አስቀድሞ ሰውነቱን አምኖ የሰጠውን ሰው ድምፁን ለመስጠት አያመነታም።

በኢትዮጵያ ግን መራጭ ሕዝብ አልነበረም። በሩ የሚከፈተው በንጉሡ አልጋ በኩል ነበር። ለዚህም ነው የአውሮፓ መንግሥታት ወደ ሸዋ ከሚልኳቸው ሰዎች መካከል ሐኪሞች የማይታጡት። ጣልያናዊው ዶክተር ሌኦፖልዶ ትራቨርሲ ከአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ ሆኖ ሲያክምም የመንግሥቱን ጉዳይ ሲከታተልም ነበር። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ የመጡት ሩስያውያን የቀይ መስቀል ሐኪሞችም ቁስለኛ ከማከማቸው በተጨማሪ ለመንግሥታቸው ወዳጅ አፍርተዋል።

ፈቃዱ በስሙ የተጻፈለት ዶክተር ዮሴፍ ቪታልየን ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። ትውልዱ ፈረንሳይ በካሪቢያን ባሕር ከያዘቻቸው ደሴቶች ነው፤ ጥቁር ሰው ነበር። በመጀመሪያ በሐረር ከራስ መኮንን ዘንድ በሐኪምነት አገልግሎ በኋላ የአፄ ምኒልክ ሐኪም ሆነ። በዚያን ጊዜ የባቡሩ ነገር ከፍተኛ የፖለቲካ ጥያቄ ነበር። በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግና ለሌዎን ሸፍኔ በተሰጠው ፈቃድ የተቋቋመው ኩባንያ ሐዲዱን በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ አድርሶ ገንዘብ አለቀበት፤ ጥቂት ቆይቶም ከሠረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣልያን ደግሞ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እርስ በርሳቸው ስለ ኢትዮጵያ ሲዋዋሉ የባቡሩን ጉዳይም ጨምረው ተደራደሩበት። ንጉሠ ነገሥቱ ሥራው እንዲቀጥል ይፈልጋሉ፤ አገሪቱን ለአንድ የውጭ መንግሥት አሳልፎ የሚሰጥ ወረቀት ግን መፈረም አይፈልጉም። በመጨረሻ አዲሱን ፈቃድ ለመንግሥት ሳይሆን ለሚያምኑት ሐኪማቸው በስሙ ሰጡት። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያም በዚሁ መሠረት በዚያው የአውሮፓውያን ዓመት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1908 ተቋቋመ። በእኛ አስተያየት ይህ የምኒልክ ብልሃት ነበር፤ ምንም እንኳ ከኩባንያው ጀርባ የፈረንሳይ ባንኮች መኖራቸውን ቢያውቁም፣ በወረቀቱ ላይ ተጠያቂ የሚሆነው ሰው በየጊዜው ከፊታቸው የሚቀርብ ሰው ሆነ።

ሥራው ቀላል እንዳልነበረ በአጭር ስሌት ማየት ይቻላል። ሐዲዱ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይደርሳል። ይህም በአማካይ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ጉዞ 3 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ሰበቃው እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ በሜዳ ላይ ባቡሩን የሚጠቅመው ይኸው ጠባይ በአቀበት ላይ ጠላት ይሆንበታል። ከዚህም ሌላ አቀበቱ በመንገዱ ሁሉ እኩል አልተከፋፈለም። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት ይህን ሳያዩ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

የምኒልክ ሕመም በራሱ የሐኪሞችን ሁኔታ ያስረዳል። ንጉሠ ነገሥቱን ደጋግሞ የመታቸው በአንጎል የደም ሥር ላይ የሚደርስ ሕመም ነበር። በዚያን ጊዜ ይህን የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረም። ስለዚህ በአልጋው ዙሪያ የተሰበሰቡት የልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ከሕክምናው ይልቅ በወሬው ተፎካከሩ። በ1902 ዓ.ም. አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ንጉሡ መርዝ ተሰጥቷቸዋል ብሎ እስከ መክሰስ ደረሰ፤ ክሱን የሚደግፍ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

ከእነዚህ ሐኪሞች መካከል አንዱ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ቻርልስ ማርቲን የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። የዚህ ሰው ታሪክ ከሌሎቹ ሁሉ የሚበልጥ ቦታ ይገባዋል።

ወርቅነህ እሸቴ የተወለዱት በጎንደር ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ገና የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ወላጅ አጥተው የተገኙትን ልጅ የእንግሊዝ መኮንኖች ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርልስ ማርቲን የተባሉትም ካሳደጓቸው ከኮሎኔል ቻርልስ ቼምበርሌንና ከኮሎኔል ማርቲን ስም ተወስዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 በላሆር የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ በኋላም በስኮትላንድ አሻሽለው በበርማ በመንግሥት ሐኪምነት ተቀጠሩ። አማርኛውን ሙሉ በሙሉ ረስተውታል። የዓድዋ ድል ወሬ በዓለም ላይ በተሰማ ጊዜ ግን አገራቸውን ለማየት ተነሡ፤ በ1892 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ሲደርሱም ከወገኖቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። አያታቸው ያወቋቸው በቋንቋ ሳይሆን ከልጅነታቸው ጀምሮ በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሕይወታቸው በበርማና በኢትዮጵያ መካከል ተመላለሰ። በ1900 ዓ.ም. ዳግመኛ መጥተው ምኒልክን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። ለዘለቄታው ጠቅልለው የተመለሱት ግን በ1911 ዓ.ም. ገደማ በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ዘመን ነው። አልጋ ወራሹ አንድን ሐኪም ለመርፌና ለቢላዋ ብቻ ሊያውሉት አልፈለጉም። እንግሊዝኛ የሚያውቅ፣ የመንግሥት ሒሳብና መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ በሥራ የተማረ ኢትዮጵያዊ በጣት የሚቆጠር ነበርና። በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኑ። ይህ ለክሌማንሶ ከሆነው ፈጽሞ የተለየ መንገድ መሆኑን ልብ ይሏል፤ እርሱን ወደ ፖለቲካ የወሰደው ምርጫ ሲሆን፣ ወርቅነህን የወሰዳቸው የባለሙያ እጥረት ነበር።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የተሰጣቸው ተልእኮ ደግሞ ለእኛ ለሳይንስ ሰዎች ይበልጥ ቅርብ ነው። እንግሊዝ በሱዳን ለጀመረችው የገዚራ የጥጥ እርሻ ውኃ ለማጠራቀም ከጣና ሐይቅ መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ከፈለገች ቆይታ ነበር። ምኒልክ በግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል መሠረት ያለ ስምምነት ዓባይን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ቃል ገብተዋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1925 እንግሊዝና ጣልያን ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ስለ ግድቡ ተጻጻፉ፤ ተፈሪም ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ።

ጣና ለምን እንዲህ እንደተፈለገ ተማሪዎች ራሳቸው ሊያሰሉት ይችላሉ። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ 3 ቢሊዮን ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ስለዚህ ውኃው አንድ ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ቢደረግ 3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይጠራቀማል። ይህ ውኃ በደረቁ ወቅት በአራት ወር ውስጥ ቢለቀቅ፣ በትነት የሚባክነውን ትተን፣ በሴኮንድ ወደ 290 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ሌላ ቦታ ይህን ያህል ለማጠራቀም ረጅም ግድብ መገንባት ያሻል፤ በጣና ግን ገንዳውን ተፈጥሮ ራሷ ሠርታ አስቀምጣዋለች።

ሐኪም ወርቅነህ ወደ አሜሪካ ሄደው ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ ጥናት ተነጋገሩ። እንግሊዞች ያሳደጓቸውና ያስተማሯቸው፣ ከእንግሊዝ መንግሥትም ደመወዝ ሲቀበሉ የኖሩ ሰው፣ የእንግሊዝን ብቸኛ ተጠቃሚነት ለማስቀረት ወደ ሦስተኛ አገር መሄዳቸው በለንደን ድንጋጤ ፈጠረ። በዚያው ጉዞ በኒው ዮርክ ሃርለም ለሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች መጥተው ኢትዮጵያን እንዲያገለግሉ ጥሪ አቅርበዋል። ኩባንያው ጥናት አካሂዷል፤ ግድቡ ግን ጦርነቱ ደርሶበት አልተሠራም።

ከዚህ በኋላ የጨርጨር ገዢ ሆነው ተሾሙ። በአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዋ ጭሮ፣ ተቀምጠው መንገድ አወጡ፤ ሹማምንትን በደመወዝ ለማስተዳደር ሞከሩ። ጨርጨርም የአርአያ ግዛት ተባለች። የአዛዥነት ማዕርግ ቢሰጣቸውም ሕዝቡ «ሐኪም» ማለቱን አልተወም።

ጣልያን በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ስትወርር በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ይገኙ ነበር። መሣሪያ ለመግዛት ሲጥሩ የእንግሊዝ መንግሥት የጣለው የሽያጭ እገዳ እንቅፋት ሆነባቸው፤ በጋዜጣ በመጻፍና በየስብሰባው በመናገር ለአገራቸው ድጋፍ ለማሰባሰብ ደከሙ። ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም በእንግሊዝ ምሕንድስና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። ሁለቱም ወደ አገራቸው ተመልሰው በነቀምቴ ከተቋቋመው ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ለመዋጋት ተሰለፉ። የዚህ ማኅበር መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነም በእንግሊዝ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። ማኅበሩ ከራስ እምሩ ጋር በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. እጁን ከሰጠ በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲጣል ፋሺስቶች የተማረውን ወጣት እያደኑ ፈጁት። ዮሴፍና ብንያምም በዚህ ጊዜ ተገደሉ። አባታቸው በለንደን ሆነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሐኪም ወርቅነህ ከነፃነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በመስከረም 1945 ዓ.ም. ዐረፉ። ጣና ከሚወጣበት ከጨረጨራ ላይ የውኃውን ልክ የሚቆጣጠር ግድብ የተሠራው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ የሠራችውም ኢትዮጵያ ናት፤ ዛሬ ከታች የጢስ ዓባይን፣ በምዕራብ በኩልም የጣና በለስን የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚመግበው ይኸው አንድ ወቅት ሦስት መንግሥታት የተጻጻፉበት ውኃ ነው።